ጉዮ ያላለው ቃል

ቢፍቱ ገለታ በሞያሌ መንገድ ላይ በእግሯ መሄድ ካቆመች ስድስት ዓመት አልፏታል። ትዕቢት አልነበረም። ከሰፈሯ ከማንያታ እስከ ገበያው የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው፤ እሷ ብቅ ካለች ግን ግማሽ ቀን ይፈጃል። አንዱ ፎቶ እንነሳ ይላታል፣ ሌላዋ የልጇን የሰርግ ቀን ትነግራታለች፣ የቦዳቦዳ፣ የሞተር ታክሲ፣ ነጂዎች ሞተራቸውን ዳር አስይዘው በጡሩምባቸው ዘፈኗን ይነፋሉ። ወላጆቿ ከወዲያኛው፣ ከኢትዮጵያው ሞያሌ ተሰደው ወደ ኬንያው ሲሻገሩ የአራት ዓመት ልጅ ነበረች። በቆርቆሮ ቤት አደገች፣ በሰርግ ድንኳን እየዘፈነች ስም አወጣች፣ ሠላሳ አምስት ዓመት ሲሞላት በስልክ የሚከተላት ሰው የሁለቱ ሞያሌዎች ሕዝብ ተደምሮ ከሚሆነው በላይ ሆነ።

ኋላ ኋላ ከዘፈኗ ይልቅ ንግግሯ ገነነ። ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ስልኳን ፊት ለፊቷ ታቆምና ስለ ትዳር፣ ስለ ልጅ አስተዳደግ፣ ስለ ሃይማኖት በቀጥታ ታወራለች። ምላሷ ስለት ነው። ዝም ብላ ከምትመክር ይልቅ ሰው ላይ ስትወርድ ተመልካቹ በእጥፍ እንደሚጨምር ያወቀችው ቀስ በቀስ ነበር፤ አንዴ ካወቀችው በኋላ ግን መተው አልቻለችም።

ጉዮ የመጣው በዚህ መሀል ነው።

ጉዮ የሄሉ ሰፈር ልጅ ነው። ከቢፍቱ ጋር ከአንደኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠው ተምረዋል። እሱ ሒሳብ ያስኮርጃታል፤ እሱን የሚደበድቡትን ደግሞ እሷ በድንጋይ ታባርርለታለች። ከዚያ ናይሮቢ ወርዶ የከዋክብትን ሳይንስ አጠና፣ ዶክተር ተባለ፣ ዩኒቨርሲቲ አስተማሪ ሆነ። በጥር ወር እናቱን ፋዱሞን ሊጠይቅ ሲመጣ አንድ ትልቅ ቴሌስኮፕ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ይዞ መጣ። ሄሉ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ በጠራራ ፀሐይ ተከለው፤ ዓይን እንዳይጎዳ መስታወቱን በማጣሪያ ሸፍኖ ተማሪዎቹን ተራ በተራ ፀሐይን አሳያቸው። ፊቷ ላይ ያሉትን ጥቋቁር ነጠብጣቦች አስቆጠራቸው። ከዚያ ጥላ ሥር ሰብስቦ፣ ዓለማት ሁሉ ከአሥራ ሦስት ቢሊዮን ዓመት በፊት እጅግ ጠባብና እጅግ ሞቃት ከሆነ ነገር ተነሥተው እየሰፉ እንደመጡ አስረዳቸው። ከመምህራኑ አንዱ ሦስት ደቂቃ ያህሉን በስልኩ ቀርጾ ለቀቀው።

ቢፍቱ ቪዲዮውን ያየችው ሐሙስ ጠዋት ነው፤ ለከሰዓት የምታወራው አጥታ ስትቁነጠነጥ። አልተናደደችም። እንዲያውም ጉዮን በማየቷ ሳቀች፤ ያው ቀጭን አንገቱ ነው፣ ያው ሲናገር መነጽሩን ወደ ላይ የሚገፋበት ጣቱ። ከሰዓት እሷም መነጽር አድርጋ፣ በጣቷ እየገፋች፣ «ልጆች፣ ቅድመ አያታችሁ ፍንዳታ ነው» እያለች አሥር ደቂቃ ቀለደችበት። በማግስቱ ሁለት መቶ ሺህ ሰው አይቶት ነበር።

ጉዮ የመለሰው በከተማው ኤፍኤም ሬዲዮ ነው። የአማርኛውንና የኦሮምኛውን ዝግጅት የሚመራው ኃይለማርያም ስቱዲዮ ድረስ ጋበዘው።

«ቢፍቱ አብራኝ የተማረች እህቴ ናት» አለ ጉዮ። «ድምጿን እወዳለሁ። ስለ ዘፈን ብታስተምረኝ እግሯ ሥር ቁጭ ብዬ እማራለሁ። ስለዚህኛው ጉዳይ ግን የምታውቀው ነገር የለም።»

ኃይለማርያም ሳቀ። የደወሉት አድማጮችም ሳቁ። አንዱ ነጋዴ «ስምንተኛ ክፍልንም ያለፈችው ከእሱ ኮርጃ ነው አሉ» ብሎ ጨመረበት።

ቢፍቱ ይህን የሰማችው መኪናዋ ውስጥ ሆና ነው። ሰው በቀልዷ ሲስቅ እንጂ በእሷ ላይ ሲስቅ ሰምታ አታውቅም። ፊቷ ጋለ። ያ ሳቅ ሳምንቱን ሙሉ ከጆሮዋ አልወጣም። ሐሙስ ሲደርስ ያለ መነጽር፣ ያለ ቀልድ፣ ሻሿን አጥብቃ አስራ ስልኳ ፊት ተቀመጠች።

«ይህ ሰው ለልጆቻችሁ ፈጣሪ የለም ብሏቸዋል» አለች። «የአባቶቻችሁ ጸሎት፣ የእናቶቻችሁ ዱዓ ባዶ ጩኸት ነው ብሏቸዋል። እኔ እዚያ ነበርኩ። በዚህ ጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

እዚያ አልነበረችም። ጉዮም እንዲህ አላለም። አስባበት የመጣችም አልነበረም፤ አንዱ ቃል ሌላውን እየጎተተ ወጣ። ስልኩ ላይ የልብ ምልክቱ እንደ ፍንጣሪ ሲተን፣ የተመልካቹ ቁጥር ሲሮጥ አየች። አላስተካከለችውም።

በሦስተኛው ቀን የጉዮ እናት ደጅ ላይ የታሰሩ ሁለት ፍየሎች አንገታቸው ተቆርጦ ተገኙ። ፋዱሞ የግመል ወተት ሻጭ ናት፤ ደንበኞቿ አንድ በአንድ ጀሪካናቸውን ይዘው ወደ ሌላ ሻጭ ዞሩ። ገበያ መሀል አንዲት ሴት ፊቷ ላይ ተፋችባት። ትምህርት ቤቱ የቀረውን የቴሌስኮፕ ዝግጅት ሰረዘ። ነገሩ ሳይከፋ ሁለቱ ፊት ለፊት ይነጋገሩና ይብቃ ያለው ኃይለማርያም ነው። ቅዳሜ ስምንት ሰዓት ላይ በከተማው አዳራሽ፣ በአማርኛና በኦሮምኛ፣ ሕዝብ ባለበት እንዲሆን ተስማሙ።

ቅዳሜ ጠዋት ዳባሶ ቢፍቱ ቤት መጣ። ዳባሶ የከብት ደላላ ነው፤ ቁመናው በር ይሞላል፣ ድምፁ ገበያ ያቋርጣል። ቢፍቱ በምትዘፍንበት ቦታ ሁሉ ሕዝቡን ገፍቶ መንገድ የሚከፍትላት፣ ማንም ሳይቀጥረው የሚጠብቃት እሱ ነው። እናቱ ስትሞት ለቅሶው ላይ ሦስት ቀን አብራው ተቀምጣ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ እህቴ ነው የሚላት።

«እህቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለ በሩ ላይ እንደቆመ። «ወጣቶቹ ተቆጥተዋል። እኔም ተቆጥቻለሁ። ግን አንዳንድ ሰው ጉዮ እንዲህ አላለም ይላል። አንቺ ሰምተሻል አይደል?»

ቢፍቱ መስታወት ፊት ቆማ ጉትቻዋን እያጠለቀች ነበር። አንድ ቃል ብትናገር ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር፤ ታውቀዋለች። ግን ያን ቃል ለዳባሶ መናገር አዳራሽ ሙሉ ሕዝብ ፊት ከመናገር የባሰ መሰላት።

«ሰምቻለሁ አላልኩም እንዴ?» አለችው ሳትዞር።

«በቃ» አለ ዳባሶ። «ካልሽ ብለሻል።»

አዳራሹ ለሦስት መቶ ሰው የተሠራ ነው። ስምንት ሰዓት ላይ እጥፉ ገብቶበታል። መቀመጫ ያጣው መስኮቶቹ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ውጭ ለቀረው ሁለት ትልልቅ ድምፅ ማጉያዎች በሩ ላይ ቆመዋል። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም መጥቷል፤ በብዙ ነገር የማይስማማው ሰው ሁሉ ያን ቀን ትከሻ ለትከሻ ተጋፍቶ ተቀምጧል። ቆርቆሮው ከላይ ይጋረፋል። ጥበቃ ተብለው የተላኩት ሁለት ፖሊሶች ብቻ ናቸው፤ አንዷ ሻሮን የምትባል ወጣት ኮንስታብል ናት። ፋዱሞ ከፊተኛው ረድፍ ጥግ ላይ ብቻዋን ተቀምጣለች፤ አጠገቧ ያሉት ወንበሮች ባዶ ናቸው። ጉዮ ቴሌስኮፑን በሦስት እግር የብረት መቆሚያው ላይ አድርጎ መድረኩ ላይ አቁሞታል። አወያዩ ኃይለማርያም ለሁለቱም ለየብቻ ማይክራፎን ሰጣቸው።

«ዶክተር ጉዮ» አለች ቢፍቱ ማይክራፎኗን ተቀብላ። «ዶክተር» የምትለውን ስትጎትታት ገና ሕዝቡ ሳቀ። «ዓለም ሲፈጠር እዚያ ነበርክ?»

«አልነበርኩም።»

«ማን ነገረህ ታዲያ?»

«ለክተን ነው፣ አስልተን ነው።»

«አንተ እኮ የኬላው ፖሊስ መታወቂያ ሲጠይቅህ ላብ የሚያጠምቅህ ልጅ ነህ። የሰማይና የምድርን የልደት ወረቀት ማን ሰጠህ?»

አዳራሹ በሳቅና በጭብጨባ ተናጋ። ጉዮም ሳቀ፤ መነጽሩን ገፋ አድርጎ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀ።

«እዚህ ግመል ያረባ ሰው አለ?» አለ። ብዙ እጅ ወጣ። «ጠዋት ወደ ውኃ ስትወርዱ የግመል ዱካ ታገኛላችሁ። ግመሎቹን አላያችኋቸውም። ግን ስንት እንደሆኑ፣ ጭነት ይኑራቸው አይኑራቸው፣ በስንት ሰዓት እንዳለፉ ትነግሩኛላችሁ። እዚያ ነበራችሁ? አልነበራችሁም። እኔም የማነበው ዱካ ነው። የድሮ ቴሌቪዥን ጣቢያ ሲጠፋበት እንደ ጉንዳን የሚራወጥ ነጭ ነገር ያሳይ አልነበር? ከእሱ ውስጥ ጥቂቱ ከመጀመሪያው ሙቀት የተረፈ ነው። ዱካው ቤታችሁ ድረስ መጥቶ ነበር።»

ከወደ ኋላ አንድ ሽማግሌ «ይሄስ ልክ ነው» ሲሉ ተሰማ። ቢፍቱ መድረክ ላይ ብዙ ዓመት ቆይታለች፤ ሕዝብ ከእጇ ሲወጣ ይታወቃታል።

«ስለዚህ ፈጣሪ የለም ነው የምትለን!» አለች።

«እንዲህ ብዬ አላውቅም። የእኔ መሣሪያ ዱካውን ያሳያል፤ ማን አስጀመረው ለሚለው መልስ የለውም። እኔ ራሴ ዛሬ ጠዋት ከእናቴ ጋር ሰግጄ ነው የመጣሁት።» ወደ እሷ ዞረ። «አሁን እኔ ልጠይቅሽ። እዚያ ነበርኩ፣ በጆሮዬ ሰምቻለሁ ብለሻል። የት ቆመሽ ነበር?»

ስድስት መቶ ሰው አፏን ጠበቀ። ቢፍቱ ፊት ለፊት ዳባሶን አየችው፤ እጆቹን ደረቱ ላይ አጣምሮ፣ መልሱን አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ይመስል ረግቶ ቆሟል።

«ከአጥሩ ውጭ ቆሜ ሰምቻለሁ!» ብላ ጮኸች። «ሰው ሲበዛብህ ጊዜ ፈርተህ ትክዳለህ!»

ጉዮ ማይክራፎኑን ከአፉ አራቀና ለእሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ «ቢፍቱ፣ ለምን?» አላት።

የመጀመሪያው ድንጋይ የገባው በግራ በኩል ባለው መስኮት ነው። ኃይለማርያምን መንጋጋው ላይ አገኘው፤ ማይክራፎኑ ላይ ወደቀና ጩኸቱ በድምፅ ማጉያው አገር ምድሩን አደነቆረ። ሁለተኛው ጫማ ነበር፣ ሦስተኛው ወንበር። ከዚያ ቆጠራ የለም። ውጭ የነበረው ሲገባ ውስጥ የነበረው ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ተላተሙ፤ ሽማግሌው በግፊያው መሀል ወደቁ፣ ተመልሰውም አልተነሡ። ፋዱሞ ወደ ልጇ ልትደርስ ሁለት እርምጃ እንደሄደች የተወረወረ ወንበር ወገቧን መትቶ ጣላት።

ዳባሶ መድረኩን በአንድ ዝላይ ወጣ። ቴሌስኮፑን ከመቆሚያው ላይ ነቅሎ ወረወረው፤ መስታወቱ ሲሚንቶው ላይ ደቀቀ። ሦስቱን እግር አንድ ላይ ጨብጦ መቆሚያውን እንደ ዱላ አነሣው። ጉዮ ፊቱን ሊከልል ክንዱን ዘረጋ፤ አጥንቱ ሲሰበር ቢፍቱ ሰማችው። ሁለተኛው ምት ፊቱ ላይ አረፈ። መነጽሩ ተሰብሮ ወደ ዓይኑ ገባ። ጉዮ እንደ ሕፃን ቀጭን ድምፅ አውጥቶ በጎኑ ወደቀ፤ ደሙ በጣቶቹ መሀል ይንፎለፎል ጀመር።

«ፒጋ! ፒጋ!» ይላል ሕዝቡ። ምታው ነው የሚለው። ትናንት ሰርግ ላይ «ድገሚው» ሲሏት የነበሩትን ፊቶች ቢፍቱ አንድ በአንድ አወቀቻቸው።

ሻሮን በዱላዋ እየጠረገች መድረኩ ላይ ደረሰችና በዳባሶና በጉዮ መሀል ገባች። አንዱ ከጎኗ በወንበር እግር ግንባሯን ከፈለው። ደሙ ዓይኗን እየሸፈነው፣ የቢፍቱን ደረት ገፋችና በስዋሂሊ «ውሰጂው! ከኋላ ዕቃ ቤት አለ!» ብላ ጮኸችባት።

ቢፍቱ ለምን እንደታዘዘች ኋላም አላወቀችም። ጉዮን ብብቱ ሥር ይዛ እየጎተተች ከመድረኩ ጀርባ ወዳለው ዕቃ ቤት አስገባችው። ሻሮን በሩን ከውጭ ዘጋችው። ቢፍቱ መቀርቀሪያውን ከውስጥ ወረወረች። ዕቃ ቤቱ ጠባብ ነው፤ የላስቲክ ወንበሮች፣ የተጠቀለለ ድንኳን፣ ክምር የብረት ካስማዎች፣ ከላይ ፍርግርግ ያለው ትንሽ መስኮት። ከበሩ ማዶ የሻሮን ጩኸት ተሰማ፤ ከዚያ አልተሰማም።

«ማነው?» አለ ጉዮ። ሁለቱም ዓይኖቹ በደም ተደፍነዋል።

«እኔ ነኝ። ቢፍቱ።»

በደኅናው እጁ ገፋት። ኃይል ስላልነበረው እጁ ትከሻዋ ላይ ብቻ ቀረ።

በሩ መደብደብ ጀመረ። ቢፍቱ ያኔ ነው ማይክራፎኑ እስካሁን እጇ ላይ እንዳለ ያየችው። ገመድ የሌለው ነበር፤ አረንጓዴ መብራቱ አልጠፋም። ወደ አፏ አስጠጋችውና ተናገረች። ድምጿ ከግድግዳው ማዶ፣ ከአዳራሹ፣ ከመንገዱ ተመልሶ መጣባት።

«ስሙኝ! ቢፍቱ ነኝ! ዋሽቻለሁ! ጉዮ ፈጣሪ የለም ብሎ አያውቅም! እኔ ትምህርት ቤቱ አልሄድኩም፣ ምንም አልሰማሁም! ዋሽቻለሁ! ተዉት!»

ድብደባው ቆመ። እግዚአብሔር ይመስገን አለች በልቧ። ወዲያው የዳባሶ ድምፅ ከሁሉም በላይ ወጣ።

«አስገድዷት ነው! አንገቷ ላይ ስለት ይዞ ነው የሚያናግራት! ሊገድላት ነው!»

ከዚያ የተነሣው ጩኸት ከፊተኛው የባሰ ነበር። አንድ ሰው ከሞተሩ ቤንዚን ቀድቶ አመጣና በሩ ሥር አፍስሶ ለኮሰው። ነበልባሉ በስንጥቁ ገብቶ የድንኳኑን ጫፍ ላሰ። ጢሱ ዕቃ ቤቱን ሞላው። «እሷ ውስጥ ናት! አታቃጥሉ፣ እብዶች!» ሲል ዳባሶ ይሰማታል፤ ሰው ሲመታ፣ እሳቱን በእግሩ ሲረግጥ፣ በትከሻው በሩን ሲገፋ። በሦስተኛው ግፊያ መቀርቀሪያው ተነቀለ።

«ቢፍቱ! አለሁልሽ!» እያለ ገባ።

ፊቱ በጥላሸት ጠቁሯል። የሱሪው ጫፍ ይጤሳል። ያ የብረት መቆሚያ አሁንም እጁ ላይ ነው። ጢሱ መሀል ጉዮን ወለሉ ላይ አየው።

«ዳባሶ፣ ተው! እውነቴን ነው! የዋሸሁት እኔ ነኝ!» አለችው ደረቱ ላይ ተለጥፋ።

«አይዞሽ እህቴ፣ ከእንግዲህ ምንም አያደርግሽም» አላት፤ በለሆሳስ ነበር ያላት፣ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው። በግራ እጁ ወደ ግድግዳው ገለል አድርጓት ብረቱን የጉዮ ጎን ላይ አወረደው። ጉዮ ተጣጠፈ። ዳባሶ ሁለተኛውን ለጭንቅላቱ አነሣው።

ቢፍቱ ከክምሩ ላይ አንድ ካስማ አንሥታ ነበር። ክንዱን መታችው፤ አልተሰማውም። ያኔ በሁለት እጇ ጨብጣ፣ ባላት ኃይል ሁሉ፣ ከጆሮው ጀርባ መታችው።

ዳባሶ ዞረ። በስሙ የጠሩት ይመስል ነበር አዟዟሩ። አያት፤ እጇ ላይ ያለውን ብረትም አየ። አንድ ነገር ሊጠይቅ አፉን ከፈተ፣ ጉልበቱ ታጠፈ፣ በግንባሩ ተደፋ።

ዕቃ ቤቱ በር ላይ የደረሱት አዩ። «ገደለችው! ዳባሶን ገደለችው!» የሚለው ቃል ወደ ኋላ እየተቀባበለ ሄደ። ወዲያው ፖሊስ በርክቶ መጥቶ አስለቃሽ ጢስ ሲተኩስ ሕዝቡ እየሳለ ተበተነ። ቢፍቱ ጉዮን እየጎተተች ደጅ ስትወጣ ከሞተሩ ላይ ሳይወርድ አንድ ቦዳቦዳ ነጂ የወረወረው ድንጋይ አፏን አገኛት። ሦስት የፊት ጥርሶቿን ከአፈሩ ጋር ተፋችና መጎተቷን ቀጠለች።

ዳባሶ ሆስፒታል ሳይደርስ ሞተ። በሩ ላይ የተረገጡት ሽማግሌም ሞቱ። የፋዱሞ ወገብ ተሰብሮ አራት ወር ተኛች፤ ኃይለማርያም መንጋጋው በሽቦ ታስሮ ለብዙ ጊዜ በገለባ ሾርባ እየሳበ ኖረ፤ ሻሮን ግንባሯ ላይ አሥራ ስምንት ስፌት ይዛ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። የጉዮን ቀኝ ዓይን ሐኪሞቹ ሊያተርፉት አልቻሉም።

ቢፍቱ እስር ላይ እያለች እውነቱን የያዘ ቪዲዮ በጠበቃዋ በኩል ለቀቀች። ጥርስ በሌለው አፏ፣ ያለ ሻሽ፣ የሆነውን ሁሉ ተናገረች። ያዩት ጥቂት ነበሩ። ካዩትም ብዙዎቹ ሳይንቲስቶቹ ገዝተዋት ነው ብለው ጻፉ።

ፍርድ ቤት ቀርባ ዐቃቤ ሕጉ ለምን እንደዋሸች ሲጠይቃት በአጭሩ መለሰች። «ሳቁብኝ» አለች። «ከዚያ ስዋሽ አጨበጨቡልኝ። ደስ አለኝ።»

ጉዮ ለምስክርነት ቀረበ። ክፉኛ ከስቷል፤ ቀኝ ዓይኑን በጨርቅ ሸፍኗል፤ ከእሷ ጋር ዓይን ለዓይን አልተያየም።

«ይቺ ሴት በሐሰት ከሰሰችኝ፤ በእሷ ቃል ምክንያት ሁለት ሰው ሞተ፣ እናቴ ሽባ ልትሆን ነበር፣ እኔም ዓይኔን አጣሁ» አለ። «ከዚያ ደግሞ ልትተወኝ ስትችል አልተወችኝም፤ በሕይወት ያለሁት እሷ ስለመታችው ነው። አንዱ ሌላውን አይሰርዘውም። ሁለቱም ይጻፍልኝ።»

ዳኛው ሁለቱንም ጻፉ። በዳባሶ ሞት፣ የሌላ ሰው ሕይወት ለማዳን ነው ተብላ ነጻ ወጣች። ሐሰት ነዝታ ሕዝብ በማነሣሣቷ ሁለት ዓመት ተፈረደባት።

በእስር ቤት ስምንተኛ ወሯ ላይ ጠያቂ መጣልሽ ተባለች። የዳባሶ ሚስት ሳጂዳ ነበረች። ቢፍቱ ካለቀሰችበት ሌሊት ሁሉ ይበልጥ ይህን ቀን ነበር የፈራችው። ሳጂዳ ከጠረጴዛው ማዶ ተቀመጠች። አልሰደበቻትም፤ እጇ ብቻ የሻርፗን ጫፍ ይፈትላል።

«ፍርድ ቤት የተባለውን ሁሉ ሰማሁ» አለች። «ሰው ገዳይ ነበር ይሉታል። ልጄን ትምህርት ቤት የገዳይ ልጅ ይሏታል። እዚያ ክፍል ውስጥ ከእሱ ጋር የነበራችሁት ሁለታችሁ ናችሁ፤ ጉዮ አላየም፣ አንቺ አይተሻል። ምን ሊያደርግ ነበር የገባው?»

ቢፍቱ ቀስ ብላ መናገር ጀመረች። ጥርሶቿ ከጠፉ ወዲህ ቃላቱ ይንሸራተቱባታል።

«ሊያድነኝ» አለች። «ተይዣለሁ ብሎ ነው። እውነቱን ስናገር ሰምቷል፤ ሰው አስገድዶኝ እንጂ እኔ የምዋሽ አልመሰለውም። ሰዎቹ ሲያቃጥሉን እሳቱን ያጠፋው እሱ ነው። አለሁልሽ እያለ ነው የገባው።»

ሳጂዳ ፊቷን በሻርፗ ሸፈነች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ጠባቂዋ ጠጋ አለች፤ ሳጂዳ በእጇ ተዪኝ አለቻት። ከዚያ ፊቷን ገለጠች።

«ጻፊልኝ» አለች። «አሁን ያልሽውን። እንዳትጨምሪ፣ እንዳትቀንሺ። ልጄ ስታድግ ታንብበው።»

ቢፍቱ ወረቀት ከጠባቂዋ ለምና ጻፈች። ሁለት ጊዜ ቀደደችው፤ በሁለቱም ጊዜ ራሷን ደኅና የሚያስመስል ነገር ሾልኮ ገብቶ ነበር። ሦስተኛውን ሳጂዳ ቃል በቃል ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አነበበች፣ አራት ቦታ አጠፈችና ጉያዋ ውስጥ ከተተችው። ስትነሣ ደኅና ሁኚም፣ ይቅር ብዬሻለሁም አላለችም።

ቢፍቱ ወደ ክፍሏ ስትመለስ የቀደደቻቸው ሁለት ወረቀቶች እጇ ላይ ነበሩ። የቀረውን አሥራ ስድስት ወር ጨርሳ ስትወጣ ወደ ሰርግ ድንኳን አልተመለሰችም፤ ማንያታ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይታ መጋረጃ ትሰፋለች። ጉዮ በየዓመቱ በእረፍቱ ይመጣል፤ በአንድ ዓይኑ እያነጣጠረ፣ አዲስ በተገዛ ትንሽ ቴሌስኮፕ፣ ሄሉ ውስጥ ልጆችን ፀሐይን ያሳያል። ባለፈው ዓመት ቢፍቱ እስከ ትምህርት ቤቱ አጥር ድረስ ሄዳ ነበር። ከአጥሩ ውጭ ቆማ የሚናገረውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰማችው፤ ልጆቹ ሳይወጡ ወደ ቤቷ ተመለሰች።